ክላሪኔቱን ሽጬ ነርሲንግ ልግባ?

የደረሰን ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ

“ሰላም እህቴ። ታላቄ ነሽና አንቺ ስልሽ ቅር አይበልሽ። 24 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክላሪኔት ተምሬ፣ የመግቢያ ፈተናውን አልፌ ጀርመን ገባሁ። አሁን ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነኝ። ጠዋት ቲዎሪና የጆሮ ልምምድ እማራለሁ፤ ጀርመንኛው ስለሚፈጥንብኝ ግማሹ ያመልጠኛል። ከሰዓት የመለማመጃ ክፍል ወረፋ እይዛለሁ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማታ ማታ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ፤ ቤት የምገባው እኩለ ሌሊት ነው። ክፍል ሳጣ ቤት መለማመድ ጀምሬ ነበር፤ ከእኔ በታች ያለችው ሴትዮ በሬ ላይ የቁጣ ወረቀት ለጠፈችብኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ክላሪኔቱን ከሳጥኑ አውጥቼው አላውቅም። አስተማሪዬ ደግሞ ወደ ጀርመን ሲስተም ክላሪኔት መቀየር አለብሽ አሉኝ፤ ዋጋውን ሳየው ራሴን ያዝኩ። አብረውኝ ያሉት ልጆች በሰባትና በስምንት ዓመታቸው የጀመሩ ናቸው፣ እኔ በ16። ፍራንክፈርት ያለችው አክስቴ ‘ሙዚቃ እንጀራ አይሆንሽም፣ ነርሲንግ አውስቢልዱንግ (እየተከፈለሽ የምትማሪው የሙያ ሥልጠና) ግቢ፣ ከመጀመሪያው ወር ይከፈልሻል’ ትለኛለች። እማዬ ስትደውል ሁሉ ነገር ደህና ነው እላታለሁ። ለማንም አልነገርኩም። ልተወው?”

መልስ

እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። አሁን አትተዪው። ክላሪኔቱንም እንዳትሸጪው። ከዓመት በኋላ አስበሽበት ብትተዪው የራስሽ ምርጫ ነው፤ እንቅልፍ አጥተሽ፣ ማንንም ሳታማክሪ፣ በዚህ ድካም ላይ ሆነሽ ግን አትወስኚ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን የያዘው “ለማንም አልነገርኩም” ያልሽው ነው። አስተማሪሽ ማታ ማታ ሳህን እንደምታጥቢ አያውቁም። ጎረቤትሽ የሙዚቃ ተማሪ መሆንሽን አታውቅም። አክስትሽ ምን ዓይነት ፈተና አልፈሽ እንደገባሽ አታውቅም። እናትሽ ደግሞ ሁሉ ደህና ነው ተብላለች። እያንዳንዳቸው ስላንቺ የሚያውቁት ቁራጭ ቁራጩን ነው፤ ሙሉውን ተሸክመሽ የምትዞሪው አንቺ ብቻ ነሽ። ይሉኝታ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ያደግንበት ነው። አገር ቤት ዝም ብትዪም ፊትሽን አይቶ “ምን ሆነሻል?” የሚል ሰው አይጠፋም። እዚያ ግን ካልተናገርሽ ሁሉ ነገር ደህና ነው ማለት ነው። ሰዉ ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ያልነገርሽውን መጠየቅ በሰው ጉዳይ መግባት ስለሚመስለው ነው።

ከአስተማሪሽ እንጀምር፣ ምክንያቱም ግማሹ ችግርሽ የሚፈታው እዚያ ነው። የሙዚቃ ሆክሹሌ (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) እንደ ሌላው ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ሌላ ቦታ ፕሮፌሰሩ ስምሽንም ላያውቅ ይችላል። አንቺ ግን በየሳምንቱ ብቻሽን አንድ ክፍል ውስጥ ከአስተማሪሽ ጋር ትቀመጫለሽ፤ ለአንድ የክላሪኔት ክፍል በዓመት የሚከፈተው ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያንን ቦታ ሲሰጡሽ ከሌላ ሰው ላይ አንስተው ነው የሰጡሽ። ስለዚህ አንቺ ብትወድቂ የሚጎዳው ያንቺ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የእሳቸውም ነው። አጭር ኢሜይል ጻፊ። ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ ሩብ ሰዓት እንዲሰጡሽ ጠይቂ። በትምህርቱ መሃል አታንሺው፤ ሰዓቱ ያልቃል፣ አንቺም ትደነግጫለሽ።

ስትገቢ ይቅርታ በመጠየቅ አትጀምሪ። እኛ መምህር ፊት ስንቆም “ስላስቸገርኩ ይቅርታ” ብለን እንጀምርና ዋናው ጉዳይ ሳይነገር ይቀራል። ቁጭ በይና ያለውን ተናገሪ። በሳምንት ሦስት ማታ እስከ እኩለ ሌሊት እሠራለሁ። የትምህርት ሰዓቴ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ላይ ከሆነ ሳልተኛ ነው የምመጣው፣ ወደ ማክሰኞ ሊዛወርልኝ ይችላል? ለአዲስ መሣሪያ ገንዘብ የለኝም፣ ትምህርት ቤቱ የሚያውሰው አለው? ጀርመንኛሽ እንዳይንተባተብ ከፈራሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዥና አንብቢው። ማንም አይስቅብሽም።

ስለ መሣሪያው ደግሞ ላስረዳሽ፣ አስተማሪሽ ያስቸገሩሽ መስሎ እንዳይሰማሽ። አንቺ የተማርሽበት ክላሪኔት የፈረንሳይ ሲስተም ነው፤ ከጀርመንና ከኦስትሪያ ውጭ አብዛኛው ዓለም የሚነፋው እሱን ነው። የጀርመን ኦርኬስትራዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የጀርመኑን ነው የሚጠቀሙት። ቁልፎቹ ይለያያሉ፣ የጣት አቀማመጡ ይለያያል፣ ሪዱም (ሲነፋ የሚንቀጠቀጠው ቀጭን ሸምበቆ) ጠበብ ያለ ነው፤ አንዳንዶቹ በብረት ማሰሪያ ፋንታ ሪዱን በክር ጠምጥመው ሲያስሩ አይተሽ ይሆናል። ስለዚህ ጀርመን ውስጥ ኦርኬስትራ መግባት የሚፈልግ ተማሪ መቀየሩ የግድ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ተመልሶ ለማስተማር፣ ጃዝ ለመጫወት፣ ወይም ሌላ አገር ለመሥራት ለሚያስብ ግን የፈረንሳዩ ምንም አይጎድለውም። አንቺ የትኛውን ነው የምታስቢው? አስተማሪሽ ይህን ጠይቀውሽ ያውቃሉ? አንቺስ ነግረሻቸዋል? ምናልባት ያለሽን ይዘሽ መቀጠል ትችያለሽ፤ ምናልባትም ለዓመት ያገለገለ መሣሪያ ተውሰሽ ትሞክሪዋለሽ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያውሱት መሣሪያ አላቸው። ዋጋውን ኢንተርኔት ላይ አይተሽ ብቻሽን ማልቀስ ግን የትም አያደርስም።

በ16 ጀመርኩ ላልሽው አንድ ሰው ልጥቀስልሽ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ነበር የሚጫወተው፤ ፒያኖ የጀመረው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሲገባ ነው። ከዚያ ሶፊያ ቡልጋሪያ ተማረ፣ በኋላም ላይፕዚግ ሄዶ ተምሯል። ዛሬ የኢትዮጵያን ቅኝት ለፒያኖ እየጻፈ በዓለም መድረክ ይጫወታል። ዘግይቶ መጀመር ያስከፍላል፣ አልዋሽሽም፤ የሰባት ዓመቱ ልጅ ጣቶቹ ሳያስብ ይሄዳሉ፣ ያንቺ ገና ያስባሉ። ግን ፈተናው ላይ ያዳመጡሽ ሰዎች ይህንን ሰምተው ነው የተቀበሉሽ። ስንት ዓመት እንደተማርሽም ማመልከቻሽ ላይ አንብበዋል።

ወደ ጎረቤትሽ እንሂድ። በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አስፈሪ ነው፣ በተለይ በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ። ግን መብትሽን እወቂ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት ቤቱ ውስጥ የሚለማመድ የትራምፔት ተጫዋች ጉዳይ ቀርቦለት፣ በራስ ቤት ሙዚቃ መጫወት ጨርሶ ሊከለከል አይችልም ብሎ ወስኗል። እንደ መነሻ ያስቀመጠው በሥራ ቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ እሑድና በዓል ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ነው፤ የዕረፍት ሰዓቱ ተጠብቆ ማለት ነው። ማታ ከ10 ሰዓት እስከ ጠዋት 6 በእነሱ አቆጣጠር ዝምታ ነው። የቀትር ዕረፍት ያላቸው ቤቶችም አሉ፤ ደረጃው ላይ የተለጠፈውን የቤቱን ደንብ አንብቢ፣ የኪራይ ውልሽንም እዪ።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ግን ሴትዮዋ ፊት ሕግ እንድትጠቅሺ አይደለም። እንዳትፈሪ ነው። በሩን አንኳኪ። ቀን፣ ሰው በሚነቃበት ሰዓት። ስምሽን ንገሪያት፣ ተማሪ ነኝ በይ፣ ወረቀቱን አይቻለሁ በይ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ መቼ መቼ ነው ቤት የማይኖሩት፣ ወይም መቼ ቢሆን ነው የማይረብሽዎት? ምናልባት የሌሊት ሥራ ሠርታ የምትተኛበትን ሰዓት ነው የነፋሽባት። ምናልባት አትመልስልሽም። ከመለሰች ግን የተስማማችሁበትን ሰዓት ጻፊና ስልክሽን ጨምረሽ ስጫት፣ ሲረብሻት ወረቀት ከምትለጥፍ እንድትደውል። ጀርመኖች የተስማሙበትን ሰዓት በጣም ነው የሚያከብሩት፤ አንቺም በደቂቃ አትለፊ። ቤት ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ባትነፊም በቂ ነው። ቀሪውን ያለ ድምፅ ሥሪው፦ ጣት ብቻ ማለማመድ፣ ኖታ እያዩ መስማት፣ በእርሳስ ትንፋሽ የምትወስጂበትን ምልክት ማድረግ።

ዋናው ልምምድሽ ግን ጠዋት መሆን አለበት፣ ትምህርት ቤቱ እንደተከፈተ። ይሄን አጥብቄ ነው የምልሽ። ከሰዓት ወረፋ የምትይዢው ሁሉም ሰው ከሰዓት ስለሚመጣ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ኮሪደሩ ባዶ ነው። በር ጠባቂው ጋ ሄደሽ ቁልፉን ትወስጃለሽ፣ ጃኬትሽን ራዲያተሩ ላይ ትሰቅያለሽ፣ ሪዱን ምላስሽ ላይ አድርገሽ እያረጠብሽ መሣሪያውን ታገጣጥሚያለሽ፣ ቀዝቃዛ እንጨት ስለሆነ መጀመሪያ ቀስ ብለሽ ታሞቂዋለሽ። ከዚያ ረጃጅም ድምፅ፤ አንድ ኖታ፣ ከምንም ተነስቶ እስኪሞላና ተመልሶ እስኪጠፋ። ስልክሽ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ከዚያ ስኬል፣ ሜትሮኖሙን ቀስ አድርገሽ። የከበደሽን አራት መስመር ለይተሽ እሱን ብቻ። እንዲህ ያለ ሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት ወረፋ እየጠበቅሽ፣ ስልክ እያየሽ፣ ደክሞሽ ከምትነፊው አራት ሰዓት ይበልጣል። ሐሙስ ማታ ከሠራሽ ዓርብ ጠዋት ተኚ፣ ቅዳሜም እንዲሁ። ደክሞሽ ስትነፊ ከንፈርሽና አንጓሽ ይጎዳሉ፤ ሕመም ከጀመረሽ ደግሞ ችላ እንዳትዪ። ሃኖቨር፣ ፍራይቡርግና በርሊን ለሙዚቀኞች ሕክምና የተቋቋሙ ተቋማት አሉ።

የቲዎሪው ክፍል ያንቺ ችግር ብቻ አይደለም። ከውጭ የመጣ ሁሉ ‘ሃ’ እና ‘ቤ’ የሚባሉትን የጀርመን የኖታ ስሞች እስኪለምድ፣ ዲክቴሽን (የሰሙትን ዜማ በኖታ መጻፍ) ላይ ይደናገራል። ከክፍልሽ አንድ ልጅ ምረጪና ከትምህርት በኋላ ሜንዛ (የተማሪዎች ምግብ ቤት) ቡና እየጠጣችሁ ማስታወሻውን እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ሁለት ሦስት ሳምንት ነው የሚፈጀው።

አሁን ስለ ሥራው፤ እዚህ ላይ ስጋት አለኝ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ እንዳንቺ ያለ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። ግማሽ ቀን ማለት እስከ አራት ሰዓት ነው። አንቺ በሳምንት ሦስት ማታ ከአራት ሰዓት በላይ የምትሠሪ ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጠር 156 ቀን ይሆናል። አለፍሽ ማለት ነው። በሳምንት ከ20 ሰዓት ካልበለጠ ሳምንቱ እንደ ሁለት ቀን ተኩል የሚቆጠርበት መንገድም አለ፤ እሱ ላንቺ የሚሻልሽ ይመስለኛል፣ ግን በራስሽ አትገምቺ፣ የሠራሽውን ሰዓት ይዘሽ የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች አማካሪ ጠይቂ። ነገ የመኖሪያ ፈቃድ ስታሳድሺ የሚያነሱት ይሄንን ነው።

ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚቀጥራቸው የተማሪ ሥራዎች ደግሞ ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኖታ ማደራጀት፣ ኮንሰርት ሲኖር ወንበርና የኖታ ማስቀመጫ መደርደር፣ መቅረጫ ክፍል ውስጥ መርዳት። ክፍያው ከሳህን አጠባው ብዙም አይለይም፣ ግን እኩለ ሌሊት ላይ እጅሽ በሙቅ ውኃ ተቃጥሎ አትገቢም። ማስታወቂያ ሰሌዳውን እዪ፣ ቢሮውንም ሄደሽ ጠይቂ። የኦፔራና የኮንሰርት አዳራሾችም ካፖርት የሚቀበሉና ትኬት የሚያዩ ተማሪዎች ይቀጥራሉ፤ ያ ከቀኖችሽ ይቆጠራል፣ ግን ሥራሽን ስትጨርሺ ኦርኬስትራውን ትሰሚያለሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሐበሻ ሠርግ ወይም ምግብ ቤት “መጥተሽ ንፊልን፣ በእጅሽ እንከፍልሻለን” የሚልሽ አይጠፋም። ብዙ ልጆች የሚያዙት እዚህ ጋ ነው። በራስ መሥራት በተማሪ ፈቃድ ላይ በአብዛኛው አይፈቀድም፤ ከፈቃድሽ ጋር የተሰጠሽን አረንጓዴ ወረቀት አንብቢ። ለሙዚቃ ተማሪ ግን ተጠይቆ ሊፈቀድ ይችላል። የውጭ ዜጎች ቢሮ ቴርሚን (ቀጠሮ) ያዢ፣ ተማሪ መሆንሽንና ሥራው ከትምህርትሽ ጋር የተያያዘ መሆኑን በጽሑፍ አቅርቢ፤ አስተማሪሽ ሁለት መስመር ቢጽፉልሽ ይረዳል። ከዚያ በፊት ግን በክፍያ አትንፊ።

ለገንዘቡ ሁለት በሮች አሉ፣ ሁለቱንም አንኳኪ። አንዱ ዶይችላንድሽቲፔንዲየም የሚባለው የተማሪ ድጎማ ነው፤ በወር 300 ዩሮ ይከፍላል፣ ዜግነት አይጠይቅም፣ ማመልከቻው በራስሽ ትምህርት ቤት በኩል ነው። ውጤት ብቻ ሳይሆን የመጣሽበትን መንገድም ያያሉ፣ ስለዚህ የያሬዱን ታሪክሽን አትደብቂ። ሁለተኛው ኤ-ኤስ-ጌ (ESG) የሚባለው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የተማሪዎች ማኅበር ነው። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ለመጡ በድንገት ለተቸገሩ ተማሪዎች የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ አለው። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ ብለሽ አትቅሪ። ያለ ይሉኝታ ሄደሽ ያለሽበትን ንገሪያቸው።

አክስትሽ የምትለው ሐሰት አይደለም። በመንግሥት የደመወዝ ስምምነት በሚከፍሉ ሆስፒታሎች የነርሲንግ አውስቢልዱንግ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በወር ከ1,300 ዩሮ በላይ ያገኛል፣ ታክስና መድን ሳይቀነስ። ሦስት ዓመት ነው፣ ሥራም ይገኛል። ክቡር ሙያ ነው። ግን ጀርመንኛሽ ቢ2 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ መድረስ አለበት፣ እዚያም የሌሊት ፈረቃ አለ፣ በሽተኛ ማንሳት አለ፤ ነርሲንግን ወዶ የገባ ሰው ይችለዋል፣ ሸሽቶ የገባ ሰው ግን በስድስት ወሩ ሌላ ደብዳቤ ይጽፋል። አንቺ ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ነርሲንግ የጻፍሽው ክፍያውን ብቻ ነው።

እንጀራው ካሳሰበሽ በኦርኬስትራና በሆስፒታል መካከል ሌላ መንገድ አለ፣ እሱን ማንም የነገረሽ አይመስለኝም። ያለሽበት ዓይነት ትምህርት ቤት የመሣሪያ ማስተማር ዘርፍም አለው። ጀርመን ውስጥ ከ900 በላይ የሕዝብ ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የመምህር እጥረትም አለባቸው። ድሮ አብዛኞቹ መምህራንን ያለ ቋሚ ውል በሰዓት ነበር የሚያሠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የፌዴራሉ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት በሄረንበርግ ከተማ የሙዚቃ መምህርት ጉዳይ ላይ ተቀጣሪ ናት ብሎ ከፈረደ ወዲህ ብዙዎቹ በውል ወደ መቅጠር እየዞሩ ነው። ከተመረቅሽ በኋላ ደግሞ ሥራ መፈለጊያ እስከ 18 ወር የሚደርስ ፈቃድ ይሰጥሻል። ለልጆች ክላሪኔት ማስተማር ትወጃለሽ? መልሱ አዎ ከሆነ ይሄንን ለአስተማሪሽ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ጠይቂያቸው። ለአክስትሽም አስረጃት። ፍራንክፈርት ሄደሽ፣ ፊት ለፊት። በስልክ ሲሆን አንቺ ዝም ትያለሽ እሷም ያሳመነችሽ ይመስላታል። ከቻልሽ የክፍላችሁ የኮንሰርት ምሽት ላይ ጋብዣትና ስትነፊ ትይሽ፤ ስንት ዓመት ስለ ሙዚቃሽ ተናግራ ይሆናል፣ አንድ ቀን ግን ሰምታሽ አታውቅም።

እናትሽ ጋ ውሸቱን ቀንሺው። ሁሉንም ዘርግፈሽ አታስጨንቂያት፤ “ትምህርቱ ከብዶኛል፣ ማታ እሠራለሁ፣ ግን መፍትሔ እየፈለግሁ ነው” ማለት ይበቃል። ገንዘብ እየላክሽ ከሆነ ደግሞ፣ ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም ግን እገምታለሁ፣ ለዚህ ሴሚስተር ማቆምሽን ራስሽ ንገሪያት። ሌላ ሰው ነግሯት ከምትሰማ። ሌሊት ሌሊት መጨነቁ ካልለቀቀሽ የተማሪዎች አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ነፃ የሥነ ልቦና ምክር አለው፣ ቀጠሮ ያዢ፤ ወረፋው ስለሚረዝም ዛሬውኑ ደውዪ።

በመጨረሻ፣ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ክፍያ ቀኑ ሳያልፍ ክፈዪ። ባይቆርጥልሽም ክፈዪ። መክፈልሽ አያስርሽም፤ በኋላ ልተው ብትዪ ትችያለሽ። ቀኑ ካለፈ ግን ምዝገባሽ ሊሰረዝ ይችላል፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ደግሞ የተሰጠሽ ለትምህርቱ ነው። ነርሲንግ መግባት ብትወስኚ እንኳን አዲሱን ውል ፈርመሽ፣ የውጭ ዜጎች ቢሮውን አስፈቅደሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው ከትምህርት ቤቱ የምትወጪው። ከዚያ በፊት ማንም ቢገፋፋሽ የመልቀቂያ ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ።